መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ለሚገባው ልጅ ክረምቱን ምን እናዘጋጅለት? (ፍንጭ፦ ኤቢሲዲ አይደለም)

የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ትንሿ እህታችሁ፣ ስለ ትንሹ ወንድማችሁ፣ ለአንዳንዶቻችሁ ደግሞ ስለ መጀመሪያ ልጃችሁ ነው። ደባርቅም ሁኑ ዳባት፣ ሊማሊሞን ወርዳችሁ ዛሪማና አዲ አርቃይም ሁኑ፣ ክረምት ሲገባ በየቤቱ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው። «ልጁ ዘንድሮ ይግባ ወይስ ይቆይ?» «የግል ኬጂ ይሻላል ወይስ የመንግሥቱ ዜሮ ክፍል?» «ፊደል ሳይቆጥር ቢገባ አይሸማቀቅም ወይ?»

ብዙ ቤት ውስጥ መልሱ ይኼ ነው፦ አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስ ይገዛና ልጁ ሁለት ወር ሙሉ «ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ» እያለ ይከርማል። መስከረም ላይ ግን በር ላይ ቆሞ ያለቅሳል፣ ሽንቱ ሲመጣ ለማን እንደሚናገር አያውቅም፣ መምህሯ «ተሰለፉ» ስትል ግራ ይገባዋል። ኤቢሲዲውን የት ወሰደው? በድንጋጤ ረስቶታል።

በአጭሩ ልንል የፈለግነው ይኼን ነው፦ ልጅን ለትምህርት ቤት የሚያዘጋጀው ፊደል ማሸምደድ ሳይሆን መስማት፣ መናገር፣ እጁን ማዘዝ፣ ራሱን መቻልና ከቤት ሰው ተለይቶ መዋል መቻሉ ነው። ይኼ ሁሉ ደግሞ ብር አይጠይቅም። ቤት ውስጥ ያለ አንድ ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እህት በክረምቱ ሁለት ወር ሊሠራው ይችላል። አዎ፣ አንተን ነው፤ አዎ፣ አንቺን ነው።

መጀመሪያ ስሞቹን እንለይ

ኬጂ ወይም መዋዕለ ሕፃናት የምንለው በከተማ በብዛት በግል፣ በቤተ እምነትና በድርጅቶች የሚከፈተውን ነው። ነርሰሪ፣ ኤልኬጂ፣ ዩኬጂ እየተባለ ሦስት ዓመት ይሄዳል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ4 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆችን ለዚህ ደረጃ መድቦ ነበር። በተግባር ግን ለረጅም ጊዜ ኬጂ የገባው የከተማ ልጅ፣ እሱም ቤተሰቡ መክፈል የሚችል ነው። የገጠሩ ልጅ ከበግ ጥበቃ በቀጥታ አንደኛ ክፍል ይገባ ነበር።

ይኼን ክፍተት ለመሙላት በ2002 ዓ.ም. ሦስት ሚኒስቴሮች (ትምህርት፣ ጤና እና የሴቶች ጉዳይ) የቅድመ ሕፃንነት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ ማዕቀፍ አወጡ። ዜሮ ክፍል በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። አንደኛ ክፍል ከመግባቱ በፊት ልጁ እዚያው ግቢ ውስጥ እየተጫወተ እንዲለማመድ የታሰበ ክፍል ነው። የመንግሥት ስለሆነ እንደ ግል ኬጂ ወርሃዊ ክፍያ የለውም።

በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ፖሊሲ ደግሞ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አደረገው። ልጁ 5 እና 6 ዓመቱን እዚያ ያሳልፍና በ7 ዓመቱ አንደኛ ክፍል ይገባል ማለት ነው። ስለዚህ የሦስት ዓመት ልጃችሁን ነርሰሪ ስላላስገባችሁ «ወደ ኋላ ቀረብን» ብላችሁ እንቅልፍ አትጡ። አልዘገያችሁም።

ሦስተኛው በር እኛ አገር ከሁሉም ቀድሞ የነበረው ነው፤ የቄስ ትምህርት ቤት። የኔታ ፊት ተቀምጦ ፊደል መቁጠር፣ አቡጊዳ፣ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ዳዊት። በጎንደር ምድር ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ብዙ ሰው በዚህ በር አልፏል። ዛሬም ክረምቱን ልጃቸውን ወደዚያ የሚልኩ ቤተሰቦች አሉ። መልካም ነው፤ ልጁ ተቀምጦ መስማትን፣ ተራ መጠበቅን፣ ከእናቱ ርቆ መዋልን ይለምዳል። ግን ፊደሉን በዜማ መውጣቱን ብቻ አይታችሁ «በቃ ማንበብ ችሏል» እንዳትሉ። ከመሃል አንዷን ፊደል ነጥላችሁ «ይቺ ማን ናት?» በሉት። ያኔ ትደርሱበታላችሁ።

ይኼን ያህል ምን አስጨነቀን?

ቁጥር እንይ። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በስምንት ክልሎች የተደረገ የንባብ ምዘና ነበር። ሁለተኛ ክፍል ከደረሱት ልጆች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ተመላልሰው፣ አንዲት ቃል!

እነዚህ ልጆች ሰነፎች አይደሉም። ግን በእኛ አካባቢ ምን እንደሚባሉ እናውቃለን፤ «ይኼ ልጅ ትምህርት አይገባውም፤ ከብት ቢጠብቅ ይሻላል»። ስም ይወጣላቸዋል። ስሙ ከወጣ በኋላ ማቋረጡ ቀላል ነው። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው አንደኛ ክፍል በር ላይ ነው፤ የሚባለው አይገባውም፣ ሲጠየቅ አይናገርም፣ እርሳሱን በቡጢው ጨብጦ ይይዛል፣ ሌላው ልጅ ይስቅበታል። ዝግጅት የሚያስፈልገው ያንን የመጀመሪያ ቀን ሽንፈት ለመከላከል ነው።

ሌላም ነገር አለ። በ2018 መስከረም 5 እና 6 ዓመት የሞላቸው ልጆች የተወለዱት በ2012 እና በ2013 ነው። መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ሰው ቤቱ ተቀመጠ። ጥቅምት 2013 ጦርነት ተጀመረ። በዚያው ዓመት ክረምት ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ መጥቶ ሰው አልቋል፣ ብዙ ቤተሰብ ተፈናቅሏል። ከ2015 ነሐሴ ወዲህ ደግሞ በክልላችን በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። እነዚህ ልጆች ከእናታቸው ቀሚስ አልላቀቅ ቢሉ፣ ድምፅ ሲሰሙ ቢበረግጉ አይገርምም። ጥጋብ ወይም ብልግና አይደለም። እንዲህ ያለ ልጅ ከሌላው ይልቅ ቀስ ብሎ መለማመድ ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ወደ ሥራው። አምስት ነገር ነው።

1. ጆሮና አፍ

ማንበብ የሚጀምረው ከዓይን ሳይሆን ከጆሮ ነው። ልጁ ቃል በድምፅ ተቆራርጦ እንደሚሠራ ሲገባው ፊደል ይቀልለዋል። የእኛ ፊደል ለዚህ አሪፍ ነው። «ዶ-ሮ» በሉና ሁለቴ አጨብጭቡ፤ ሁለት ጭብጨባ፣ ሁለት ፊደል። «በ-ሬ»፣ «ቡ-ና»፣ «ዱ-ላ» እንደዚያው። ሲለምድ ወደ ሦስት፦ «ሙ-ሴ-ዋ»፣ «ገ-በ-ጣ»፣ «ጎ-ጆ-ዋ»። መጀመሪያ እንዲህ ያሉትን ምረጡ፤ «ሰላም»፣ «ቤት» የሚሉት መጨረሻቸው ላይ ድምፁ ስለሚዋጥ ለጀማሪ ያስቸግራሉ። ለእነሱ በኋላ ትደርሳላችሁ።

ከዚያ «በ‹ቡ› የሚጀምር ምን አለ?» እያላችሁ ቤቱን አስፈልጉት። ቡና፣ ቡችላ፣ ቡሄ። ይኼን ስትጫወቱ ደብተር አያስፈልጋችሁም፤ እንጀራ እየተጋገረም፣ ውኃ እየተቀዳም ይሆናል።

ተረትና እንቆቅልሽ ደግሞ ከአያቶቻችን በነፃ የተሰጠን ኬጂ ነው። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» የሚል ልጅ ማዳመጥን፣ መቀበልን፣ መጨረሻውን መጠበቅን እየተማረ ነው። እንቆቅልሽ ስትጠይቁት «ምን አውቅልህ» ብሎ ያስባል፤ ሲያቅተው አገር ይሰጣል። ራሳችሁም ፍጠሩ፦ «አራት እግር አለኝ፣ መንገድ ግን አልሄድም፤ ሰው ሁሉ ይቀመጥብኛል፤ ማን ነኝ?» ተረቱን ስትጨርሱ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትተኙ፤ «ጅቡ ለምን ሸሸ? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» በሉት። መልሱ ስህተት ቢሆንም ይናገር። በቤታችን «ትልቅ ሰው ሲናገር ልጅ ዝም ይላል» የሚል ልማድ አለ፤ ክፍል ውስጥ ግን ዝም የሚል ልጅ ይረሳል።

ክረምቱ ራሱ አጋዥ ነው። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ቡሄ አለ፤ ሆያ ሆዬ የሚሉት ልጆች ተቀብሎ ማዜምን፣ በተራ መሄድን ይለምዳሉ። ትንሹንም ይዛችሁት ውጡ። እንቁጣጣሽ ላይ ደግሞ ሴቶቹ አበባየሆሽ አለላቸው።

ቤት ውስጥ ሌላ ቋንቋ የሚነገርባቸው ልጆችስ? ለምሳሌ ዳባት አቅራቢያ በአለምዋጭ መጠለያ ያሉ የኤርትራ ስደተኛ ልጆች፣ ወይም ከሌላ አካባቢ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች። እናትና አባት የራሳቸውን ቋንቋ መናገር አያቁሙ። ልጅ በእናቱ ቋንቋ በደንብ ካወራ ሁለተኛውን ቶሎ ይይዛል። ከዚያ በተጨማሪ አሥር የምታድን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ አስይዙት፦ «ስሜ እገሌ ነው»፣ «ሽንቴ መጣ»፣ «ውኃ ጠማኝ»፣ «አመመኝ»፣ «አልገባኝም»፣ «መታኝ»፣ «ተወኝ»፣ «እርሳሴ ጠፋ»፣ «ከእናንተ ጋር ልጫወት?»፣ «እናቴ መቼ ትመጣለች?»። የሰፈር ልጆች ጋር መጫወት ደግሞ ከማንኛውም መጽሐፍ ይበልጣል።

2. እጅ

እርሳስ የሚይዘው የጣት ጡንቻ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ እጅ ገና ለስላሳ ነው፤ ገጽ ሙሉ «ሀ ሀ ሀ» ማስጻፍ እጁንም ያደክማል፣ ፍላጎቱንም ይገድላል። ጡንቻውን መጀመሪያ በሌላ ሥራ አጠንክሩት።

ባቄላና አተር ደባልቃችሁ «ለይልኝ» በሉት። ምስር ያስለቅሙት። በጭቃ ድስት፣ በሬ፣ ቤት ይሥራ፤ ክረምት ነው፣ ጭቃ ሞልቷል። ሊጥ ስታቦኩ ቁራሽ ስጡት። ቅልሞሽ ይጫወት፣ ገበጣ ይጫወት። ገበጣ ጠጠር ሲያዘራ ጣቱ ይሠራል፣ ቁጥሩም አብሮ ይመጣል። በእንጨት መሬት ላይ ክብና መስመር ይሣል፤ ከዚያ በከሰል፣ ከዚያ በጠመኔ፣ በመጨረሻ በእርሳስ። እርሳስ ሲይዝ በሦስት ጣት መያዙን አሳዩት፤ መጻፉ ይደርሳል።

አንድ አደራ፦ ልጁ ግራኝ ከሆነ ተዉት። እጁን እየመታችሁ ወደ ቀኝ አትመልሱት። ግራኝነት በሽታም ጥፋትም አይደለም።

3. ራስን መቻል

አንድ መምህር ብዙ ልጆች ይዛለች። የሁሉንም ቁልፍ ልትቆልፍ፣ የሁሉንም ንፍጥ ልትጠርግ አትችልም። ልጁ እነዚህን ብቻውን ከቻለ ቀኑ ይቀልለታል፦ ሱሪውን አውልቆ መልበስ፣ ዚፕ መሳብ፣ ጫማውን በትክክለኛው እግር ማድረግ፣ ምሳ ዕቃውን ከፍቶ መዝጋት፣ አፍንጫውን መጥረግ፣ እጁን በሳሙና መታጠብ።

ጫማና ልብስ ስትገዙ ይኼን አስቡ። ማሰሪያው የበዛ ጫማ ያምራል፤ ልጁ ግን አያስረውም። ቀበቶ ያለው ሱሪ ያምራል፤ ሽንቱ ሲመጣ ግን ሳይፈታው ያመልጠዋል። ላስቲክ ወገብ ይሻላል።

ስለ ሽንት ቤት በግልጽ እናውራ። ሜዳ ላይ ወይም ፖፖ ላይ የለመደ ልጅ የትምህርት ቤቱን ጉድጓድ ሲያይ ይፈራል፤ «ልወድቅ ነው» ይላል። ብዙ ልጅ ሽንቱን ይዞ የሚውለው፣ ከዚያም ክፍል ውስጥ የሚያመልጠው በዚህ ነው። ክረምቱን ጎረቤት ሽንት ቤትም ቢሆን እያስገባችሁ አለማምዱት። «ቲቸር፣ ሽንቴ መጣ» ማለትን ሳያፍር ይልመድ። አንድ ቀን ቢያመልጠው ደግሞ አትሳቁበት፣ አትቆጡት፤ ቦርሳው ውስጥ ትርፍ ሱሪ አስቀምጡለት።

ሙሉ ስሙን፣ የእናቱንና የአባቱን ስም፣ የሰፈሩን ስም ይያዝ። ይኼ ለትምህርትም፣ ቢጠፋ ለመገኘትም ነው። ማን እንደሚወስደው ይወቅ፤ «ከእነዚህ ሰዎች ውጪ ማንም ጠርቶህ፣ ከረሜላ ሰጥቶህም ቢሆን አትሂድ» በሉት።

4. መለያየት

ይኼኛው ከባዱ ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚያደርገው ልጁ ወደ መጫወቻው ሲዞር ሹልክ ብሎ መጥፋት ነው። ያን ቀን ይሠራል። በማግስቱ ግን ልጁ ዓይኑን ከእናቱ አይነቅልም፤ ዞር ካለ እንደምትጠፋ አውቋላ!

ከሐምሌ ጀምሮ በትንሽ በትንሹ አለማምዱት። መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት አክስቱ ጋ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ጎረቤት፣ ከዚያ ግማሽ ቀን አያቱ ጋ። ሁልጊዜ ተሰናብታችሁ ሂዱ፤ ሁልጊዜ ባላችሁት ሰዓት ተመለሱ። ሰዓት ስለማያውቅ በሚያውቀው ነገር ንገሩት፦ «ምሳ ስትበሉ እመጣለሁ»። የስንብት ምልክት ይኑራችሁ፤ ሁለት መሳም፣ አንድ «ቻው»፣ በቃ። አሥር ጊዜ መመላለስ ለቅሶውን ያረዝመዋል።

ትምህርት ቤቱን አስቀድማችሁ አሳዩት። ባይከፈትም በአጥሩ በኩል፣ «ያ ሽንት ቤቱ ነው፣ እዚያ ትጫወታለህ፣ በዚህ በር እመጣልሃለሁ» በሉት። መንገዱን ሁለት ሦስት ጊዜ በእግር ሂዱት። ከጎረቤት አብሮት የሚገባ ልጅ ካለ ክረምቱን አብረው ይጫወቱ፤ አንድ የሚያውቁት ፊት ክፍል ውስጥ ማየት ግማሽ ድል ነው።

ከሁሉ በላይ ማስፈራሪያውን እንተው። «ቆይ ብቻ ትምህርት ቤት ግባ፣ መምህሯ ነው የምትገርፍህ!» እያልን ሁለት ወር ከርመን፣ መስከረም ላይ «ሂድ፣ ደስ ይላል» ብንለው ማን ያምነናል? በነገራችን ላይ መምህር ልጅን መግረፍ አይችልም፤ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ልጁ ተመትቶ ከመጣ ዝም ማለት የለብንም።

5. እንቅልፍ፣ ቁርስና ጤና

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ3 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት። አምስት ዓመት ያለፈውም ከ9 እስከ 11 ሰዓት ያስፈልገዋል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል የሚነሳ ልጅ ማታ 2 ሰዓት ላይ ከተኛ አሥር ሰዓት ተኩል አገኘ። ድራማ እያየን እስከ አራት ሰዓት አስመሽተነው ጠዋት «ሰነፍ፣ ተነሳ» ማለት ግን ግፍ ነው። ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ ሰዓቱን ቀስ በቀስ አስተካክሉ።

ቁርስ ሳይበላ አይውጣ። በሶ፣ ቂንጣ፣ ዳቦ፣ ትናንት ያደረ እንጀራ በወጥ፣ የተገኘው ይሁን። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ የመስከረም ጠዋት ብርዱ ይነክሳል። ባዶ ሆድና ብርድ አንድ ላይ ሲሆኑ ልጅ ትምህርት አይሰማም። ሹራብ ከውስጥ፣ ጃኬት ከላይ፤ ሲሞቀው ራሱ የሚያወልቀው ይሁን። ዛሪማ ወርዳችሁ ላላችሁት ደግሞ ችግሩ ሙቀትና ጥማት ነው፤ የውኃ ኮዳ አትርሱ።

ፊቱን ጠዋትና ማታ ይታጠብ። አማራ ክልል በአገራችን ትራኮማ እጅግ ከተስፋፋባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ዝንብ የሚወረው ያልታጠበ ፊት ከልጅ ወደ ልጅ ያዛምተዋል። ክፍል ውስጥ ተጠጋግተው ስለሚቀመጡ ደግሞ በፍጥነት ነው። ጤና ኬላ ጎራ ብላችሁም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ስለ ክትባቱ፣ ስለ ሆድ ትል መድኃኒቱ ጠይቁ። ዓይኑና ጆሮውንም ቤት ውስጥ ሞክሩ፤ ከኋላው ሆናችሁ በቀስታ ስትጠሩት ካልሰማ፣ ሩቅ ያለ ነገር ሲያይ ዓይኑን ካጨናበሰ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። «አይገባውም» ከሚባሉት ልጆች መካከል የማይሰሙና የማያዩ አሉ።

ስልክስ?

ይኼን ጽሑፍ በስልክ እያነበባችሁ ስለሆነ እንነጋገር። ያው የጤና ድርጅቱ መመሪያ ለ3 እና 4 ዓመት ልጅ ስክሪን በቀን ከአንድ ሰዓት አይብለጥ ይላል፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ልጁ ሲያለቅስ ስልክ ማስያዝ ለእኛ ዕረፍት ነው። ችግሩ ግን ክፍል ውስጥ ሲከፋው ስልክ የሚሰጠው የለም፤ ስሜቱን ራሱ ማረጋጋት መልመድ አለበት።

ካሳያችሁት አማርኛ ይሁን፣ አብራችሁት እዩ። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የሚለው የልጆች ዝግጅት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ቀጭኔዋን ፀሐይን ይዞ የመጣ የአገራችን ሥራ ነው። ዳታ ሲኖር አውርዳችሁ አስቀምጡ። ከዚያ እያስቆማችሁ ጠይቁት፤ «አሁን ምን ልታደርግ ይመስልሃል?» ብቻውን አንድ ሰዓት ከሚያይ አብራችሁ አሥር ደቂቃ ብታዩ ይሻላል።

ወረቀቱን አትርሱ

ለምዝገባ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው የልደት ምስክር ወረቀትና የክትባት ካርድ ነው። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዲስ መልክ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ካለፈባችሁም ቀበሌ ሂዱና የዘገየ ምዝገባ ጠይቁ፤ በር አልተዘጋም። ግን የመመዝገቢያው ሰልፍ እስኪደርስ አትጠብቁ። የተፈናቀሉና ወረቀታቸው የጠፋ ቤተሰቦች ጉዳዩን ቀድመው ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ያስረዱ።

ዜሮ ክፍል ለሌለበት፣ ትምህርት ቤት ለተዘጋበት

«ይኼ ሁሉ ትምህርት ቤት ላለው ነው» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። ለእናንተ አንድ የተሞከረ መንገድ አለ። «ከልጅ ለልጅ» ይባላል። ዩኒሴፍ ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ኢትዮጵያን ጨምሮ በስድስት አገሮች ሞክሮታል፤ ሌሎቹ ባንግላዴሽ፣ ቻይና፣ ኮንጎ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ፣ ታጂኪስታንና የመን ናቸው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ከፍ ያለ ክፍል የደረሱ ተማሪዎች በመምህር እየታገዙ የሰፈራቸውን ትንንሽ ልጆች ሰብስበው በጨዋታ ቁጥር፣ ቀለም፣ ቅርጽ፣ ድምፅ ያለማምዳሉ። በአገራችን ከኬጂና ከዜሮ ክፍል ጋር ከቅድመ አንደኛ መንገዶች እንደ አንዱ ተቆጥሯል። ቤኒሻንጉል ጉሙዝን ጨምሮ በአንዳንድ ክልሎች ደግሞ አንደኛ ክፍል ለሚገቡ ልጆች የክረምት ሁለት ወር የተፋጠነ ዝግጅት ተሰጥቷል። ማለትም ሁለት ወር ትንሽ አይደለም።

እናንተም ትችላላችሁ። አራት አምስት የጎረቤት ልጅ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አርባ ደቂቃ። አሥር ደቂቃ ሰኞ ማክሰኞ ወይም አባሮሽ፣ አሥር ደቂቃ የጭብጨባ ጨዋታ፣ አሥር ደቂቃ ጠጠር መቁጠር፣ አሥር ደቂቃ ተረት። የዝናብ ቀን በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ ሲወጣ ደጅ። እናቶቹ ልጁ ያለበትን ያውቁ፣ ቦታው ሰው የሚያየው ይሁን። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቢከርም እንኳ ይኼ አይዘጋም። ልጁ በሩ በተከፈተ ቀን ባዶ እጁን አይሄድም።

የሁለት ወሩ ዕቅድ በአጭሩ

ሐምሌ የመጀመሪያ አጋማሽ፦ የጭብጨባ ጨዋታ፣ ማታ ማታ ተረት፣ የልደት ወረቀትና የክትባት ካርድ ፍለጋ።

ሐምሌ ሁለተኛ አጋማሽ፦ ልብስ፣ ጫማ፣ ሽንት ቤት ብቻውን፤ ግማሽ ሰዓት መለያየት።

ነሐሴ የመጀመሪያ አጋማሽ፦ ጭቃ፣ ለቀማ፣ ገበጣ፤ ስሙንና ሰፈሩን መናገር፤ ግማሽ ቀን መለያየት።

ነሐሴ ሁለተኛ አጋማሽ፦ የእንቅልፍ ሰዓት ማስተካከል፣ ምዝገባ፣ ትምህርት ቤቱን ማየት፣ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ማወቅ።

ጳጉሜን፦ መንገዱን በእግር መለማመድ፣ ቦርሳውን ራሱ እንዲያዘጋጅ ማድረግ። እና መጫወት፣ መጫወት፣ መጫወት።

የመጀመሪያው ሳምንት

ያለቅሳል። እናንተም ሊከፋችሁ ይችላል። አንድ ሁለት ሳምንት ማልቀስ የተለመደ ነው፤ ከወር በላይ ከቀጠለ ወይም ልጁ መብላትና መጫወት ካቆመ ከመምህሯ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ሲመለስ «ዛሬ ምን ተማርክ?» ብላችሁ ፈተና አትጀምሩ፤ «ከማን ጋር ተጫወትክ? ምን አሳቀህ?» በሉት። ከጎረቤት ልጅ ጋር አታወዳድሩት። ቁጥር እስከ መቶ የሚወጣው የጎረቤት ልጅ ሽንት ቤት መሄድ ይፈራ ይሆናል፤ ማን ያውቃል?

ኤቢሲዲው ይደርሳል፤ ለእሱ መምህር ተመድቦለታል። «አልገባኝም» ብሎ እጁን ማውጣት፣ «ልጫወት?» ብሎ ጓደኛ ማግኘት፣ «ትመጣለች» ብሎ እናቱን መጠበቅ ግን ከቤት ይዞት መሄድ አለበት። እሱን የምንሰጠው እኛ ነን።

ቤታችሁ መስከረም ላይ የሚገባ ልጅ ካለ ዛሬ ማታ በአንዲት ተረት ጀምሩ። ከዚያ ኮመንት ላይ ጻፉልን፤ በእናንተ ሰፈር ዜሮ ክፍል አለ? ልጆቹስ ምን ያስቸግራቸዋል? ለታላቅ ወንድም፣ ለታላቅ እህት፣ ለአዲስ እናትና አባት ሼር አድርጉላቸው።